እትዬ ስንዱ እና ወደ ታች የሚያድገው ቲማቲም

ዮናስ ከሜልቦርን ሲደውል አስቀድሞ የሚጠይቀኝ ስለ ቲማቲሙ ነው። "ቀላ? ወፍ አልጨረሰውም?" ይለኛል። እናቱ አጠገቡ ሆና እንደምታስጠይቀው ስለማውቅ እሷም እንድትሰማኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር የምመልስለት። የዛሬ ሁለት ወር ገደማ ሲደውል ግን ስለ ቲማቲም አላነሣም። ስሜን ጠርቶ "ሰላም፣ እማዬ ትናንት አረፈች" አለኝ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሰማሁት፤ አለቀስኩም። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ ይቅር ይበለኝና፣ ሳቄ መጣ። ዮናስ እያለቀሰ "እስከ መጨረሻው ሰው እንዳዘዘች ነው። በቀብሯ ላይ ማን መዝሙር መምራት እንደሌለበት ሳይቀር ነግራናለች" ስላለኝ ነው። እትዬ ስንዱ ማለት ይህች ናት።

ያወቅኋት ናይሮቢ፣ ካሳራኒ ውስጥ ነው፤ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ። ከቲካ መንገድ ገባ ብሎ ባለ አራት ፎቅ የኪራይ ሕንፃ ነበር። ሦስተኛው ፎቅ ላይ የእሷና የእኔ ክፍል ጎን ለጎን ነበር፤ መኝታውም ሳሎኑም ወጥ ቤቱም አንድ ላይ የሆነ፣ ቤድሲተር የሚሉት ዓይነት። ከፊት ለፊት ሁለታችን የምንጋራው ጠባብ በረንዳ ነበር። እኔ ማታቱ የሚባለው ሚኒባስ ታክሲ ፌርማታ አጠገብ ባለ ጸጉር ቤት ሹሩባ እሠራ ነበር። ሥራሽ ምንድን ነው ብለው ቢጠይቁኝ ግን "ሹሩባ ሠሪ ነኝ" አልልም ነበር፤ "ፕሮሰስ ላይ ነኝ" ነበር መልሴ።

ይህን የዚያን ጊዜ የናይሮቢ አበሻ ያውቀዋል። ግማሻችን የምንኖረው ናይሮቢ አልነበረም። ገላችን ካሳራኒ ነበር፣ ሐሳባችን ካናዳ ወይ አውስትራሊያ። ፕሮሰስ ላይ ያለ ሰው አልጋ አይገዛም፣ መጋረጃ አይሰቅልም፣ ድስት እንኳ ሲገዛ ትንሹን ነው፤ ነገ ፍላይት ይመጣላ። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካም "ነገ" ከማለት አይቦዝንም። እኔ ራሴ ፍራሼን መሬት ላይ ዘርግቼ እተኛ ነበር። ያለችኝን አንድ ወንበር የያዘው ሻንጣዬ ነው፤ ሲሚንቶው እርጥበት እንዳያስገባበት ብዬ። ሻንጣዬ ከእኔ የተሻለ ኑሮ ነበረው ማለት ነው።

እትዬ ስንዱ እዚያ ሕንፃ የገባች ዕለት ሳታንኳኳ በሬን ከፍታ ገባች። አጭር፣ ደልደል ያለች፣ የሃምሳ ዓመት ሴት ነበረች። ክፍሌን ከዳር እስከ ዳር አየችና ዓይኗን ፍራሼ ላይ አሳረፈች።

"አሞሻል?"

"ደህና ነኝ።"

"ታዲያ አልጋሽስ?"

"ፕሮሰስ ላይ ነኝ፣ እትዬ። ዛሬ ነገ እየተባልኩ ነው።"

"እኔም ፕሮሰስ ላይ ነኝ" አለች። "ወገቤ ግን ፕሮሰስ ላይ አይደለም።" በማግሥቱ መንገድ ዳር ካለ አናጢ አልጋ ገዝታ በሁለት ጎረምሳ አሸክማ መጣች። መጋረጃም ሰቀለች። ሕንፃው ውስጥ ያለን አበሾች ሁሉ ተገረምን፤ አንዳንዶቹማ ሴትዮዋ ፋይሏ ተዘግቶባት መሆን አለበት ብለው አዘኑላት።

ፋይሏ አልተዘጋም። አንድ ልጇ ዮናስ ገና ጎረምሳ ሳለ በሱዳን በኩል ወጥቶ አውስትራሊያ ገብቶ ነበር፤ ጥሪ ልኮላት ነው ናይሮቢ የምትጠብቀው። ካየችው ከአሥር ዓመት በላይ አልፏል። ፎቶው ከአልጋዋ ራስጌ ተሰቅሏል፤ ጸጉሩ ጎፈር ያለ፣ ቀጭን ልጅ። በዚህ ዓለም የምትፈልገው አንድ ነገር ያንን ልጅ በዓይኗ ማየት ነበር። ይህን ደብቃ አታውቅም፣ በልቅሶ ግን አታወራውም። የኬንያ ሰው እናትን በልጇ ስም ስለሚጠራ ደረጃው ላይ "ማማ ዮናስ" ሲሏት ጮክ ብላ ነው "አቤት" የምትለው። አንድ ቀን "ስሙ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚጠራ ብታውቂ፤ አገሬ ብሆን ማን ይጠራልኝ ነበር?" አለችኝ።

ጅማ ሳለች የስልክ ኦፕሬተር ነበረች። ዕድሜዋን ሙሉ በተበላሸ መስመር ላይ ስትጮህ የኖረች ስለሆነ ሹክሹክታዋ እንኳ ሁለተኛ ፎቅ ይሰማል። የሥራዋን ቃላት ጡረታ አላወጣቻቸውም። ሰው ሲያጣድፋት "መስመር ላይ ይጠብቁ" ትላለች። በጸሎት ፕሮግራም አንዱ ወንድም ጸሎቱን ሲያስረዝምብን ዓይኗን እንደጨፈነች፣ ለእኔ ብቻ የነገረችኝ መስሏት፣ "ጊዜዎ አልቋል" ትላለች። ቤቱ በሙሉ ይሰማል። ወንድምየውም "አሜን" ብሎ ይቀመጣል።

ቲማቲሙን ያገኘችው እንዲህ ባለ ጸሎት ላይ ነው። ሩንዳ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ለዓለም አቀፍ ድርጅት የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ባልና ሚስት ነበሩ፤ በወር አንዴ ቤታቸው እንሰበሰባለን። ግቢው ሰፊ፣ ሣሩ የተከረከመ፣ በረንዳው ላይ ደግሞ የአበባ ቅርጫቶች የተንጠለጠሉበት ነው። ሁላችን ዓይናችንን ጨፍነን ስንጸልይ እኔ እንደ ልማዴ አንዱን ዓይኔን ገለጥ ሳደርግ እትዬ ስንዱ ሁለቱንም አፍጣ ወደ ላይ ታያለች። መንፈስ ነክቷት መስሎኝ ነበር። የምታየው ለካ ከአንዱ ቅርጫት እንደ ሐረግ ተንዠርግጎ ወደ ታች የወረደውን ነው፤ ጣት ጫፍ የሚያካክሉ ቀያይ ፍሬዎች ተደርድረውበታል።

"አሜን" እንደተባለ "ይህ ቲማቲም አይደለም እንዴ?" ብላ ጠየቀች።

የቤቱ እመቤት "ኧረ ጌጥ ነው፣ እህት ስንዱ። አትክልተኛው ነው የሰቀለው። ይበላል እንዴ?" አለቻት።

እትዬ ስንዱ አንዱን ቀጥፋ አፏ ውስጥ ጣለችው። ሁለተኛውን አስፈቅዳ በመሐረቧ ቋጠረች። በማታቱ ስንመለስ ያንን መሐረብ እንቁላል እንደያዘ ሰው ጭኗ ላይ አድርጋ "ለጌጥ የሰቀሉትን እኔ ለወጥ አደርገዋለሁ" አለችኝ።

አደረገችውም። ፍሬውን ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጨምቃ መስኮት ላይ አስቀመጠችው። ላዩ ነጭ ቆዳ አውጥቶ መሽተት ሲጀምር "ጣዪው" ብላት ሳቀች፤ ዘሩን የሸፈነው ልጋግ እንዲለቅ ነው ለካ። በሻይ ማጥለያ አጥባ ሳህን ላይ አደረቀችው። "ወረቀት ላይ እንዳታደርቂ፣ ተጣብቆ ይቀራል" አለችኝ፤ እኔ ዘር የማድረቅ ሐሳብ እንዳለኝ ሁሉ። ሰፈሩ ውስጥ ሕንፃ ከሚሠሩ ሰዎች ባዶ የቀለም ባልዲዎች ለምና አመጣች፣ ቂጣቸውን በጋለ ምስማር በሳች፣ በሽቦ ከበረንዳው ጣሪያ ላይ አንጠለጠለች። አፈሩን ከሕንፃው ጀርባ ዝቃ፣ ከታች ያለችው ጎረቤታችን ማማ ንጆኪ ከምታረባቸው ዶሮዎች ኩስ ጋር ቀላቀለችው። ኩሱን ግን ትኩሱን አይደለም፤ በማዳበሪያ ጆንያ ቋጥራ ረጅም ጊዜ አሳድራ ነው። ትኩሱ ሥር ያቃጥላል ትላለች። ውኃ በካሳራኒ ቧንቧ የሚመጣው ሲፈልግ ነበር፤ ስለዚህ የሩዝና የምስር እጣቢ ከእኛ በር ላይ ተደፍቶ አያውቅም። ሁሉም ወደ ባልዲ ነው፤ ያውም ከሥር ከሥሩ፣ ቅጠሉ ሳይነካ።

የምታስተምረው ሁሉንም ሰው ነው፤ ይፈልግ አይፈልግ ጉዳይዋ አይደለም። ከጎን የሚወጣውን ቅርንጫፍ ልቆርጥላት ብል እጄን መታችኝ። "ያኛው ዓይነት ነው የሚቆረጠው፣ ሽቅብ የሚያድገው። ይህኛው በቅርንጫፉ ነው የሚያፈራው። አንቺ ጸጉር ትሠሪ የለ? ይህም እንደ ጸጉር ነው። በወረደበት ተዪው፣ ሽቅብ አትጎትቺው።"

ወረደ። ከበረንዳችን ብረት አልፎ ወደ ሁለተኛ ፎቅ ተንዠረገገ። ፀቡም ከዚያው ጀመረ። ሁለተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ልብስ የምታሰጣው ማማ ንጆኪ ናት። አንድ ጠዋት ሕንፃው በጩኸቷ ተናጋ፤ "ማማ ዮናስ፣ ማጂ! ማጂ!"፤ ውኃ፣ ውኃ ማለቷ ነው። ከባልዲዎቹ የሚንጠባጠበው ቀይ ውኃ የባሏን ነጭ ሸሚዝ አበላሽቶታል። የሕንፃው ጠባቂም መጥቶ ባልዲዎቹ ዛሬውኑ ይውረዱ አለ። እኔ ፈርቼ ላወርድ ወንበር ሳቀርብ እትዬ ስንዱ "መስመር ላይ ጠብቂ" ብላኝ ወደ ታች ወረደች። ሸሚዙን ተቀበለች፣ በራሷ እጅ አጥባ በሎሚ አነጣችው። ከእያንዳንዱ ባልዲ ሥር የፕላስቲክ ሳህን አሰረች። ከዚያ ማማ ንጆኪን በረንዳዋ ላይ አቁማ፣ ግማሽ ስዋሂሊ ግማሽ እንግሊዝኛ በሆነ ቋንቋዋ፣ "ሂዪ ያንጉ፣ ሂዪ ያኮ። የኔ ወለል ላይ ያለው የእኔ፣ ወደ አንቺ የወረደው ያንቺ፣ ፊኒሽ" አለቻት። ማማ ንጆኪ ቀና ብላ በቅርንጫፉ ላይ ያሉትን አረንጓዴ ፍሬዎች አየች። ከዚያ ቀን ጀምሮ "ማማ ዮናስ፣ ዛሬ ውኃ አላጠጣሽም" እያለች ከታች የምትጮኸው እሷ ሆነች። ጠባቂውም የሚመጣው ሰላጣ ሲፈልግ ብቻ ነበር።

ከዚያ የእትዬ ስንዱ ፍላይት መጣ።

በእኛ ዘንድ ፍላይት የመጣለት ሰው ከመሳፈሩ በፊት ዕቃውን ያከፋፍላል። ቤተ ክርስቲያን ሽኝት ይደረግለታል፣ ይዘመርለታል፣ ይጸለይለታል፤ ከዚያ ፍራሹ ለአንዱ፣ ምድጃው ለሌላው፣ ድስቱ ለሦስተኛው ይሰጣል። "ቆይ፣ መጀመሪያ ተሳፈር" የሚል ሰው የለም፤ እምነት ማጣት ይመስላል። እትዬ ስንዱም ሁሉን ሰጠች። አልጋዋን ለአንዲት አራስ፣ ጂኮዋን፣ የከሰል ምድጃዋን፣ ለመዘምራኑ መሪ ለወንድም ደረጀ። ባልዲዎቹን ደግሞ እንደ ልጅ እያቀፈች በየሰዉ እጅ አስቀመጠች። ለእኔ በሬ ፊት ያለው ባልዲ ደረሰኝ። ሽኝቱ ላይ ስንዘምር አብራን አልዘመረችም፤ የዮናስን ፎቶ በሁለት እጇ ይዛ ቆማ ነበር። ደስታዋን ለመናገር የቸገራት መሰለኝ።

በሄደች ዕለት ከሰዓት በኋላ ጸጉር ቤት ሆኜ በመስተዋቱ ውስጥ ከማታቱ የምትወርድ ሴት አየሁ። ሻንጣ ይዛለች። ማበጠሪያውን ጥዬ ወጣሁ።

"ምን ተፈጠረ?"

"ሳንባዬ ላይ ጥላ አለ አሉ።" በመጨረሻው ምርመራ የተነሣችው ራጅ ላይ አንድ ነገር ታይቶ ነበር። ሌላ ምርመራ እስኪደረግ፣ ያም እስኪጠራ፣ ወራት መቆየት ነው። ቪዛው ደግሞ የራሱ ቀን አለው፤ ካለፈ እንደገና ከሀ መጀመር ነው። ይህን ሁሉ የአየር ሁኔታ እንደሚነግር ሰው ነግራኝ ሻንጣዋን አስይዛኝ ወደ ቤት ተራመደች።

ቤቷ ባዶ ነበር። መጋረጃ እንኳ የለም። መሬት ላይ ተቀመጠች፤ እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። በተከፈተው በር በኩል የበረንዳው ጣሪያ ላይ የቀሩት ባዶ መንጠቆዎች ይታዩናል። ለረጅም ጊዜ እነሱን ስታይ ቆየች።

"ሰላምዬ" አለችኝ፤ ያ ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ከክፍሉ አልወጣም። "ልጄን ሳላየው ልሞት ነው መሰለኝ።"

እጇን ይዤ አብሬያት አለቀስኩ። ለእሷ አልቅሼ ስጨርስ ለራሴም ጥቂት አከልኩበት፤ እኔም እንደ እሷ ፍላይት የምጠብቅ ነኝና። ከዚያ ተነሥቼ በሬ ፊት ያለውን ባልዲ አመጣሁላት። ቀና ብላ አየችኝ።

"ምንድን ነው ይህ?"

"ቲማቲምሽ ነዋ። ይኸው፣ መንጠቆሽ ላይ ልስቀለው።"

"የሰጠሁሽን? አንቺ ልጅ፣ እኔ ስጦታ አውሼ አላውቅም። ወደ ቦታው መልሺው። ባዶ ባልዲ ካለሽ ግን ስጪኝ።" በመዳፏ ዓይኗን ጠረገች፣ ሻንጣዋን ከፈተች፣ ከልብሶቿ መካከል በጨርቅ የተቋጠረ ዘር አወጣች። ለሜልቦርን የያዘችው ነበር። "የሰረዙብኝ በረራዬን ነው" አለች። "መዝራቴን ማን ሰረዘው?"

ሰዎች ጉዳዩን ሲሰሙ አፍረው ዕቃዋን ይዘው መምጣት ጀመሩ። አልጋውን ተቀበለች፣ አራሷ ፍራሽ ስለነበራት። ጂኮውንም ተቀበለች። ባልዲ ይዞ የመጣውን ሁሉ ግን ከነባልዲው መለሰችው። "ከአሁን በኋላ እኔ ወደ እናንተ እመጣለሁ" አለች። ማስፈራሪያ መሆኑ የገባን ቆይቶ ነው።

በየእሁዱ ከአምልኮ በኋላ ጉብኝት ጀመረች፤ ጎትታ የምትወስደው እኔን ነው። ካሳራኒን ጨርሰን በማታቱ እስከ ኪሌሌሽዋ እንሄድ ነበር፤ እዚያ አንዲት እህት በአሠሪዎቿ ግቢ ጓሮ ባልዲዋን ሰቅላለች። ያየነው ጉድ አይነገርም። አንዷ ፀሐይ ይጎዳዋል ብላ መታጠቢያ ቤት አስገብታዋለች። ሌላው ጧት ማታ እያጠጣ ሥሩን አበስብሶታል። ብዙዎቹ ደግሞ ጨርሰው አላጠጡትም። "ዛሬ ነገ ስለምሄድ እኮ ነው" ይሏታል። "ቲማቲሙ ግን ይህን አያውቅም" ብላ ራሷ ታጠጣዋለች።

ከሁሉ የባሰው ወንድም ደረጀ ነበር። እሱ ገበሬ ቤት ነው ያደግኩት ብሎ የሚኮራ ሰው ነው። አገር ቤት ቲማቲም በእንጨት ተደግፎ ሽቅብ ነው የሚታሰረው፤ እሱም ባልዲውን መሬት ላይ አስቀምጦ፣ መጥረጊያ እንጨት ተክሎ፣ ያንን ልዝብ ሐረግ ሽቅብ ጎትቶ በጫማ ማሰሪያ ጠፍንጎታል። ግንዱ ተቀንጥሷል።

"ምን አደረግከው?" አለችው።

"ቀና እንዲል ብዬ ነው፣ እህት ስንዱ። ወድቆ ነበር እኮ።"

"አልወደቀም። እየሄደ ነበር" አለችው። ሌላ ምንም አልተናገረችውም፤ ከእሷ አፍ ዝምታ መስማት ግን ከስድብ በላይ ነው። አዲስ ችግኝ ሰጠችው፣ ራሷ ሰቀለችለት። ይቅር ግን አላለችውም፤ ደረጀ ከዓመታት በኋላ ሜልቦርን ገብቶ እዚያም መዘምራን ሲመራ ነው የኖረው። በቀብሯ ላይ እንዳይመራ የተከለከለው ማን እንደሆነ እንግዲህ ገባችሁ።

እነዚያ ወራት ለእሷ ቀላል አልነበሩም። ለምርመራ ስትሄድ አብሬያት እሄድ ነበር። አክታ ሰጥታ፣ ራጅ ተነሥታ፣ "ተመልሰሽ ነይ" ተብላ ስትወጣ ፊቷ ላይ ምንም አታገኙም፤ እጇ ግን ማታቱ ውስጥ የእኔን እጅ አጥብቆ ይይዛል። ትልቁ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ በየቤቱ ቅጠሉ ላይ ቡናማ ነጥብ ወጣ። ከቤት ቤት እየሮጠች የታመመውን ቅጠል አስቆርጣ፣ ባልዲዎቹን ከዝናብ ወደ ጣሪያ ሥር አስጠጋች። አንዳንዱ ሞተ፣ የሚበዛው ተረፈ። ለራሷ ምርመራ ያልጨነቃትን ያህል ለእነሱ ስትጨነቅ አይቼ ተናደድኩባት፤ "ስለ ሳንባሽ አስቢ እንጂ" አልኳት።

"ስለ ሳንባዬ የሚያስቡ ሐኪሞች አሉ" አለችኝ። "ይህ ደግሞ ከእኔ ሌላ ማንም የለው።"

ዝናቡ ካባራ በኋላ በአንድ እሁድ እያንዳንዱ ባልዲ ያለው ሰው ያፈራለትን ይዞ እንዲመጣ አዘዘች። የምናመልከው በተከራየነው የትምህርት ቤት አዳራሽ ነበር። ሰው በፌስታል፣ በኩባያ፣ በሕፃን ኮፍያ ሳይቀር ይዞ መጣ። ገበታ ላይ ስናፈሰው ጉብታ ሆነ። ከቃሪያና ከሽንኩርት ጋር ቀላቅለን ፍትፍት አደረግነው። ያን ቀን ስንበላ ያስተዋልኩት ነገር አለ። ስለ ፕሮሰስ ያወራ ሰው አልነበረም። ወሬው ሁሉ "ያንተ ስንት ቅርንጫፍ አወጣ፣ ያንቺ ለምን ጣፈጠ" ነበር። ለአንድ እሁድ ሁላችን ናይሮቢ ነበርን።

ውጤቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጥላው የድሮ ሕመም ጠባሳ ሆኖ ተገኘ፤ ምናልባት ጅማ ሳለች፣ ሳታውቀው የዳነ። ቪዛዋ ታደሰ፤ አዲስ ፍላይትም መጣ። በዚህ ጊዜ ሽኝት እንዳይደረግ ከለከለች። "አንዴ ተሸኝቻለሁ፣ ይበቃኛል" አለች። አንድም ዕቃ አልሰጠችም። አልጋዋን አነጠፈች፣ በርሜሉን ውኃ ሞላች፣ ለማግሥቱ የሚሆን ምስር ለቅማ አስቀመጠች። በመጨረሻም ሻንጣዋ በር ላይ ቆሞ፣ ታክሲ ከታች እየጠበቃት፣ በረንዳው ላይ ተንበርክካ አዲስ ባልዲ ላይ ዘር ዘራች።

"እትዬ፣ አሁን? ልትሄጂ እኮ ነው።"

"ከቀረሁ እኔ እበላዋለሁ። ከሄድኩ አንቺ ትበዪዋለሽ። የቱ ላይ ነው ችግሩ?" አፈሩን በጣቷ ጫፍ ቀስ ብላ አለበሰችው። ቁልፉን ሰጠችኝ። "እስክደውል ድረስ ምንም እንዳትነኪ።" ማማ ንጆኪ ከታች ጠብቃ አቀፈቻት።

የደወለችው ወደ ጸጉር ቤቱ ነው። የጸጉር ቤቱ ባለቤት ስልኩን ስትሰጠኝ ድምፁ ከጆሮዬ ክንድ ርቆ ይሰማ ነበር።

"ሃሎ፣ ናይሮቢ? ከሜልቦርን ነው። መስመሩ እንዴት ነው?"

"ጥርት ብሎ ይሰማል፣ እትዬ።"

"አየሁት" አለች። ከዚያ ዝም አለች። ዕድሜዋን በስልክ የኖረች ሴት፣ ስልክ ይዛ ዝም ስትል የሰማኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እኔም ዝም አልኩ፤ ያ ሁሉ ውድ ደቂቃ በዝምታ አለፈ፣ አንዳችንም አልቆጨንም። በመጨረሻ አፍንጫዋን ስባ "ራሰ በራ ሆኖ ጠበቀኝ" አለችኝ። "ያን ሁሉ ጸጉር የት እንዳደረገው እየጠየቅኩት ነው።"

ከዚያ ወደ ሥራዋ ገባች። አሁን ዕቃውን ማከፋፈል ትችያለሽ አለችኝ። ጂኮው ለአራሷ፣ መጋረጃው ለኪሌሌሽዋዋ እህት፣ ባልዲዎቹ ለእኔ። "አልጋው ለማማ ንጆኪ።"

እውነቱን ለመናገር አልጋውን ለራሴ አስቤው ነበር። እዚያው ጎረቤት ነው፣ ከበር ወደ በር መግፋት ብቻ ነው። "እኔስ?" አልኳት።

"አንቺማ ግዢ።"

"እትዬ፣ አሁን ምን ያደርግልኛል? ፕሮሰሴ እኮ—"

"ሰላምዬ፣ ጊዜዎ አልቋል" አለችኝና ዘጋችው።

ስልኩን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። የምሠራላት ደንበኛ ግማሽ ጸጉሯ ተሠርቶ ግማሹ ቆሞ በመስተዋቱ ታየኛለች። ያን ሳምንት ወደ አናጢው ሄድኩ። ጠንካራ እንጨት መረጥኩ፣ ራስጌው ከፍ ያለ። ሁለት ሰዎች ደረጃውን እያቃሰቱ ሲያወጡት ማማ ንጆኪ ከበሯ ወጥታ አጨበጨበች። የመጀመሪያ ቀን ስተኛበት ከፍታው አስፈርቶኝ ግድግዳውን ይዤ ነበር። ሻንጣዬን ከሥሩ ገፋሁት፤ ወንበሬ ላይም ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጥኩ።

የፕሮሰሴ መልስ የመጣው ከዓመት በኋላ ነው፤ አልተሳካም የሚል። አልቅሻለሁ፤ ያለቀስኩት ግን አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው፤ ጠዋት ስነሣም የማጠጣው ነገር ነበረኝ። አብረውኝ መልሱን የሰሙ፣ ቤታቸው ውስጥ ከሻንጣ በቀር ምንም ያልነበራቸው ሰዎች እንዴት እንደተሰበሩ አይቻለሁ። እኔን ከዚያ ያዳነችኝ ያቺ ጯሂ ሴት ናት፤ በሕይወቴ ያለችበትን ቦታ የያዘ ሌላ ሰው የለም። ኋላ የራሴን ጸጉር ቤት ከፈትኩ፣ ቤትም ቀየርኩ፤ አልጋው አብሮኝ ዞረ፣ መንጠቆዎቹም።

ዮናስ የሞቷን ዜና በነገረኝ ጠዋት አልቅሼ ስጨርስ ወደ በረንዳ ወጣሁ። ጨርቅ ውስጥ የቋጠርኩትን ዘር ፈታሁ፣ ባልዲ ላይ ዘራሁ፣ አፈሩን በጣቴ ጫፍ አለበስኩት። የማውቀው የሐዘን ሥርዓት ይህ ብቻ ነበር።

ትናንት ደግሞ ዮናስ ደወለ። "ቀላ?" አለኝ። ከአጠገቡ የምታስጠይቀው የለችም፤ ራሱ ነው የጠየቀኝ።

"ገና ነው" አልኩት፣ እንደ ልማዴ ድምፄን ከፍ አድርጌ። "ግን ወደ ታች መውረድ ጀምሯል።"